«በጥናት የተረጋገጠ» ሲሏችሁ፣ «ማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ

 

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቤታችሁ ውስጥ የስኳር ሕመም፣ የኮሌስትሮል ወይም የክብደት ችግር ያለበት ሰው ካለ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ናቸው። አንድ ሰው የደረቀ ቅጠል ይዞ፣ ከኋላው ሙዚቃ ተከፍቶ፣ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል፣ ቦርጭን የሚያቀልጥ፣ በጥናት የተረጋገጠ!» ይላል። ከቪዲዮው ሥር «ዶክተር፣ እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጊዜ ሳገኝ ጥናቱን ፈልጌ አነበዋለሁ። የሚገርማችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥናቱ በእርግጥም አለ። ስኳሩም በእርግጥ ወርዷል። የወረደው ግን የአይጥ ስኳር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አንድ መድኃኒት ወይም ቅጠል የእንስሳን ስኳርና ስብ መቀነሱ ለተመራማሪ ትልቅ ዜና ነው። ለታማሚ ግን ገና ዜና አይደለም። ይህንን ልዩነት ደብቆ «ተረጋግጧል» እያለ የሚሸጥ ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን ሰው እየጎዳ ነው።

ማክረር እንዳይመስላችሁ። ምርመራ ክፍል ቁጭ ብዬ የምሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ክኒኑን ትቼዋለሁ ዶክተር፣ አሁን ተፈጥሯዊውን ነው የምወስደው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሰነፎች ወይም ያልተማሩ አይደሉም። ልጆቻቸው ቪዲዮውን የላኩላቸው እናቶች፣ ክኒን የሰለቻቸው አባቶች፣ የመድኃኒት ዋጋ የከበዳቸው ሠራተኞች ናቸው። ስኳራቸው ሲለካ 400 ያልፋል። አንዳንዱ ዓይኑ መደብዘዝ ጀምሯል፣ አንዳንዷ እግሯ ላይ የማይድን ቁስል አለ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት ነው። እሱ ኢንሱሊኑን ካቆመ ነገሩ ወራት አይፈጅም። በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

የእንስሳት ውለታ

በመጀመሪያ ፍትሐዊ ልሁን። የእንስሳት ጥናት ባይኖር ኖሮ ዛሬ የስኳር ሕክምና የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በፈረንጆች 1889 ዓ.ም. ስትራስቡርግ ውስጥ ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የሚባሉ ሐኪሞች የአንድን ውሻ ቆሽት በቀዶ ሕክምና አወጡ። ውሻው ሽንት በሽንት ሆነ፤ ሽንቱ ሲመረመርም ስኳር ተገኘበት። የስኳር ሕመም ከቆሽት ጋር መያያዙ በግልጽ የታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ቆሽታቸው የወጣ ውሾችን ከቆሽት በተገኘ ፈሳሽ ስኳራቸውን አወረዱት።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። በጥር 1922 ፈሳሹ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልጠቀመውም፤ የተወጋበት ቦታም ተቆጣ። ውሻ ላይ የሠራው ነገር ለሰው ገና አልተዘጋጀም ነበር። ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ባለሙያ ፈሳሹን የበለጠ ካጣራው በኋላ፣ ከ12 ቀን በኋላ እንደገና ተሰጠው፤ ያኔ ስኳሩ ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ውሻው መንገዱን አሳየ፤ መልሱ የተገኘው ግን ሰው ላይ በጥንቃቄ ሲሞከር ነው።

አይጧ እንዴት ነው «ስኳር ያለባት»?

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ቪዲዮዎች እንመለስ። ቅጠሎችን በሚፈትሹ ጥናቶች ውስጥ አይጧ በራሷ ጊዜ ስኳር አልታመመችም። ብዙውን ጊዜ ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን የሚባል ኬሚካል ትወጋለች። ኬሚካሉ ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ይመርዛቸዋል፤ ስኳሯም ይወጣል። ከዚያ የቅጠሉ ጭማቂ ለ14፣ ለ21 ወይም ለ28 ቀን ይሰጣታል።

የእኛ እማማ ስኳር ግን እንደዚህ አልመጣም። አብዛኛው አዋቂ ያለበት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ነው። ለዓመታት በዝግታ የተጠራቀመ ነው፤ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቆማል፣ ጉበት ሳያስፈልግ ስኳር ይለቃል፣ ቦርጭ ይጨመራል፣ የቤተሰብ ዝርያ ይታከላል፣ ቆሽትም ቀስ በቀስ ይደክማል። አይጧ ላይ ያለው ግን ያልተጠናቀቀ መመረዝ ሊሆን ይችላል። የኬሚካሉ መጠን አነስተኛ ከሆነ የተወሰኑት ሴሎች በራሳቸው ያገግማሉ። ቅጠሉም የረዳው ሴሎቹን ከመርዙ በመከላከል ሊሆን ይችላል። ይህ ለ15 ዓመት ስኳር ያለባትን እናት ከማከም ጋር አንድ አይደለም።

አገራችን ውስጥም ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ይሠራሉ፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ እንደ ጎመን የሚበላው ሽፈራው በአይጦች ላይ ተፈትሿል። ተመራማሪዎቹም ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ «ሰው ላይ መጠናት አለበት» የሚል ሐሳብ ያስቀምጣሉ። ቲክቶክ ላይ ሲደርስ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ተቆርጣ ትቀራለች።

ዓለምን ያስጨፈረችው ወፍራም አይጥ

የውፍረትንም ጉዳይ እንይ። በ1949 አሜሪካ ውስጥ፣ ጃክሰን ላብራቶሪ በሚባል ቦታ፣ ያለ ልክ የምትበላና ያለ ልክ የምትወፍር የአይጥ ዝርያ ተገኘች። በ1994 ደግሞ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ደረሱበት። የስብ ሴሎች ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እያመረቱ ለአእምሮ «በቂ ስብ አለን፣ በቃ» የሚል መልእክት ይልካሉ። እነዚያ አይጦች ይህንን ሆርሞን ማምረት አይችሉም። በማግስቱ ዓመት ሌፕቲን ሲወጉ በሁለት ሳምንት ውስጥ 30 በመቶ ገደማ ክብደታቸውን ቀነሱ። የወፍራሟና የቀጭኗ አይጥ ፎቶ ዓለምን ዞረ። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለመብቱ ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

ከዚያስ? ሰው ላይ ሲሞከር አብዛኛው ሰው ይህን ያህል አልቀነሰም። ለምን መሰላችሁ? የአብዛኛው ወፍራም ሰው ችግር የሌፕቲን እጥረት አልነበረም። እንዲያውም ደሙ ውስጥ ብዙ ሌፕቲን አለ፤ አእምሮው ነው መልእክቱን የማይሰማው። ደጋግሞ የሚደወልለትን ስልክ እንደማያነሳ ሰው ማለት ነው፤ ሌላ ደዋይ ብትጨምሩበት ምን ይፈይዳል?

ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ከውልደታቸው ጀምሮ ሌፕቲን የማያመርቱ በጣም ጥቂት ልጆች በዓለም ላይ ተገኙ። ለእነሱ መርፌው ሕይወት ቀያሪ ሆነ። አይጧ አልዋሸችም ማለት ነው። የመለሰችው ግን የእነዚያን ጥቂት ልጆች ጥያቄ ነበር።

ብርድ የሚያቃጥለው ስብ

ሌላም ልጨምር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስብን እንደ ማገዶ የሚያነዱ መድኃኒቶች አይጦች ላይ በጣም አስደሳች ውጤት አሳዩ። አይጦቹ ከሱ፣ ስኳራቸውም ተስተካከለ። ሰው ላይ ግን ያ ሁሉ ተስፋ ጠብ የሚል ነገር አላመጣም።

አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። አይጥ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። እኛ ደስ ብሎን የምንቀመጥበት ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ያለ ክፍል ለእሷ ብርድ ነው፤ የሚመቻት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙቀት ለማመንጨት የተፈጠረ ቡናማ ስብ በብዛት አላት፤ መድኃኒቱ የቀሰቀሰው ያንን ነው። አዋቂ ሰው ያለው ቡናማ ስብ ከሰውነቱ አንጻር በጣም ጥቂት ነው። ከዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ዛሬ ሥራ ላይ ያለው ሚራቤግሮን ለምን እንደሚታዘዝ ታውቃላችሁ? ሽንት አልቋጠር ለሚላቸው ሰዎች! ቦርጭ ለመቀነስ አይደለም።

በተቃራኒውም ይሆናል

አይጥ አንዳንዴ «አይሠራም» ብላም ታሳስታለች። ጋሼ የሚወስዷት የኮሌስትሮል ክኒን፣ አቶርቫስታቲን፣ ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዷ ናት። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው የተገኘው ጃፓን ውስጥ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ተመራማሪ ሻጋታዎችንና ፈንገሶችን በሺዎች ከፈተሹ በኋላ በ1973 ኮምፓክቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። አይጥ ላይ ሲሞክሩት ኮሌስትሮሏ ንቅንቅ አላለም። ነገሩ እዚያ ላይ ሊቀበር ምንም አልቀረውም ነበር።

በኋላ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ ተሞከረ። እንቁላል ኮሌስትሮል የበዛበት ስለሆነ ዶሮዋም ብዙ ኮሌስትሮል አላት የሚል ሐሳብ ነበር። የዶሮዎቹ ኮሌስትሮል ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ! ከዚያም ውሾችና ጦጣዎች ላይ ሠራ፤ ቀጥሎም ሰው ላይ። በ1987 የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ተፈቀደ። የአይጧ ጉዳይ በኋላ ተብራራ፦ «መጥፎው» የምንለው ኮሌስትሮል ከመጀመሪያውም ደሟ ውስጥ ትንሽ ነው፤ ጉበቷም መድኃኒቱ የዘጋውን መንገድ ለማካካስ ይሽቀዳደማል። ዛሬ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመከላከል ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት፣ ዳኛዋ አይጥ ብቻ ብትሆን ኖሮ ተጥሎ ይቀር ነበር።

አይጥ «ከፍቶኛል» አትልም

ሪሞናባንት የሚባል የውፍረት መድኃኒት ነበር። እንስሳት ላይ የምግብ ፍላጎትን ቀነሰ፣ ክብደት አወረደ። ሰው ላይም ክብደት ቀነሰ! በ2006 አውሮፓ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ ወሳጆቹ ላይ ድባቴ፣ ጭንቀት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መታየት ጀመረ፤ በ2008 ከገበያ ወጣ። አይጥን መመዘን ትችላላችሁ፣ ደሟን መቅዳት ትችላላችሁ። «ሕይወት አስጠልቶኛል» ብላ ግን አትነግራችሁም። ይህንን የሚነግረን ሰው ብቻ ነው፤ የሚሰማውም በአግባቡ የሚከታተለው ሐኪም ሲኖር ነው። ከቪዲዮ አይታችሁ ቤታችሁ ብቻችሁን ስትወስዱ ያንን የሚሰማ ማንም የለም።

እስቲ ስሌቱን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል፣ አይጧ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 400 ሚሊግራም ተሰጣት እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀጥታ ቢያባዛው 24 ግራም ይመጣል። ስህተት! የአይጥ ሰውነት ከእኛ በጣም ፈጥኖ ያቃጥላል፣ ፈጥኖም ያስወግዳል። ተመራማሪዎች የላብራቶሪ ትልቋን አይጥ መጠን ወደ ሰው ሲቀይሩ በ6 ገደማ ያካፍላሉ፤ ትንሿ አይጥ ከሆነች ደግሞ በ12። ስለዚህ 24 ግራሙ ወደ 4 ግራም ይወርዳል።

ግን 4 ግራም ምን? የቅጠል ሻይ አይደለም። ቅጠሉ በአልኮል ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ ደርቆ የቀረው ዱቄት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ዱቄት ይወጣል ብንል፣ 4 ግራሙ 40 ግራም ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል፤ በየቀኑ! ይህ ሁሉ ስሌት የሚነግረን ደግሞ ከየት ብለን ጥናት እንደምንጀምር ብቻ ነው። ለሰው ጉበትና ኩላሊት ደህና መሆኑን አይነግረንም። «አንድ ማንኪያ በባዶ ሆድ» የሚለው ምክር ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጥናቱ ውስጥ ማንኪያ የለም።

«እናንተ ሐኪሞች ቅጠል ትጠላላችሁ»

ይህንን አስተያየት ሥር እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስ። በየቀኑ የማዘው ሜትፎርሚን መነሻው ቅጠል ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ፤ ድሮ ለባህላዊ ሕክምና ይውል ነበር። ከብቶችን የሚመርዝም ነው። ስኳር የሚያወርደው ንጥረ ነገሩም መርዙም አንድ ቤት ነው ያሉት። ኬሚስቶች ዘመዱን ሠሩ፤ በ1929 ጥንቸሎች ላይ ስኳር ማውረዱ ታየ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ታማሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት ያሳተሙት በ1957 ነው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1995 ነው። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው የስኳር ታማሚዎችን ዕድሜ እንደሚያራዝም በትልቅ የእንግሊዝ ጥናት የታየው ደግሞ በ1998፣ ታማሚዎቹ ከ10 ዓመት በላይ ከተከታተሉ በኋላ ነው።

ከጥንቸሏ እስከ እዚያ ውጤት ወደ 70 ዓመት! የእኛ ቅጠሎችም ይህንን መንገድ እንዲሄዱ ነው የምፈልገው። አብሽ ላይ ለምሳሌ ሰው ላይ የተሠሩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ ተስፋ ሰጪ ናቸው፣ ግን መድኃኒት የሚያስጥሉ አይደሉም። ቅጠላችንን የሚያከብር ሰው በአግባቡ ይመዘን ይላል እንጂ፣ መንገድ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ «ያድናል» አይልም።

ጋዜጠኞችና ገጽ ያላችሁ ወገኖችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። «አይጥ» የምትለዋን ቃል ርዕሱ ላይ ጻፏት። ዕይታው ይቀንስ ይሆናል፣ ግን መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ሰው ቁጥርም ይቀንሳል።

ቪዲዮ ሲደርሳችሁ አራት ጥያቄ

1. ማን ላይ ተጠና? አይጥ፣ ጥንቸል ወይስ ሰው?
2. ሰው ከሆነ ስንት ሰው፣ ለስንት ጊዜ? አሥር ሰው ለሁለት ሳምንት ብዙ አይናገርም።
3. ከምን ጋር ተነጻጸረ? ያልወሰዱ ሰዎችስ ስኳራቸው እንዴት ሆነ?
4. የሚነግረኝ ሰው ከቪዲዮው ሥር ስልክ ቁጥርና ዋጋ አስቀምጧል?

እስከዚያው ምን እናድርግ?

👉 የታዘዘላችሁን ክኒን ወይም ኢንሱሊን በራሳችሁ አታቁሙ። ዋጋው ከብዷችሁ ወይም ሆዳችሁን ረብሿችሁ ከሆነ በግልጽ ንገሩን። ረከስ ያለ አማራጭ ወይም መጠን ማስተካከል ይቻል ይሆናል።

👉 ቅጠል እየወሰዳችሁ ከሆነ አትደብቁን። አንቆጣም። ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ከግሊቤንክላሚድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲደመር ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ሰውየው ንቃት ካለውና መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

👉 ከባድ ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ከባድ ትንፋሽ ካያችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ላይ፣ አንድ ሌሊት እንኳን አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

👉 «ሠርቶልኛል» ከማለታችሁ በፊት የሦስት ወር የስኳር ምርመራ አሠሩ። አንድ ቀን ጠዋት በጣት የተለካ ቁጥር ብዙ ነገር ያታልላል።

ይህን ጽሑፍ ቪዲዮውን ለላከላችሁ ሰው መልሳችሁ ላኩለት፤ የቤተሰብ ግሩፕ ላይም አድርጉት። ለመከራከሪያ አይሁን፣ እማማ ነገ ጠዋት ክኒናቸውን ሳይውጡ እንዳይቀሩ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ጥናቱን ስትልኩልኝ «ማን ላይ ነው የተሠራው?» የሚለውን ቀድማችሁ ፈልጋችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

ጤና ይስጥልን!